የስህተት ደብተር፦ ለእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጅ አማርኛ ተናጋሪ ከየት ይጀምር?

ለእንግሊዝኛ ፈተና መዘጋጀት ሲባል ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ወፍራም የግራመር መጽሐፍ ይገዛል ወይም ይዋሳል። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይነሳና የስም ዓይነቶችን፣ የተውላጠ ስም ዓይነቶችን እያሰመረ ያነባል፤ ግሥ ላይ ሲደርስ ይሰለቸውና ይተወዋል። ፈተናው ሲቃረብ እንደገና ከስም ዓይነቶች ይጀምራል። እንዲህ እያለ ስለ ስም የማያውቀው ነገር አይቀርም፤ ነጥብ የሚያስጥለው ቦታ ግን ሳይነካ ይቀራል።

እኔ የምመክረው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሳችሁ ስህተት እንድትነሱ ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው በእንግሊዝኛ ሲሳሳት በዘፈቀደ አይሳሳትም። ብዙውን ጊዜ አማርኛው ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን በዚያ መንገድ አይሄድም። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩባቸው እነዚህ ቦታዎች ደግሞ ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ፣ ስህተት ሆኖ ሳለ፣ ጆሯችን ላይ ደስ የሚለው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ውጤት ብቻ አይደለም። ማትሪክ ላይ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ በትክክል አለመረዳት ግን ከእነሱ አንዱ መሆኑን ክፍል ውስጥ የቆመ አስተማሪ አይስተውም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያው ጋት፣ የባንክ ቅጥር ፈተና ሁሉም እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከዚያ በደብተራችሁ በላቲን ፊደል ገልብጡት። መገልበጡ ራሱ የስፔሊንግ ልምምድ ይሆናችኋል።

መጀመሪያ ስህተታችሁን ሰብስቡ

ባለ 50 ሉህ ደብተር ይበቃል። ትናንት ስላደረጋችሁት ነገር፣ መዝገበ ቃላት ሳትነኩ፣ አሥር መስመር ያህል በእንግሊዝኛ ጻፉ። እንዳያምር አትጨነቁ፤ ስህተቱ ነው የሚፈለገው። በዚያው ቀን አታርሙት። በማግስቱ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡትና የጠረጠራችሁትን ሁሉ አስምሩበት፤ ከዚያ ከእናንተ የተሻለ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ሰው ከጠፋ የስልክ ማረሚያ ተጠቀሙ፤ ግን ስህተቱን እንዲጠቁማችሁ እንጂ ጽሑፉን እንዲጽፍላችሁ አይሁን። አሳምሮ የጻፈላችሁን ጽሑፍ ማንበብ ምንም አያስተምርም፤ የራስ ጽሑፍ መስሎ ያታልላል።

ከዚያ የደብተሩን ገጽ በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው የጻፋችሁት፣ በሁለተኛው የታረመው፣ በሦስተኛው ደግሞ ስታስቡት የነበረው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይግባ። ሰው ሁሉ ሦስተኛውን ዓምድ ይዘለዋል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «የስተርዴይ አይ ሃቭ ሜት ማይ ኦልድ ቲቸር። ሂ አስክድ ሚ ዌር አም አይ ለርኒንግ። አይ ሰይድ ሂም አይ አም ለርኒንግ ኢን ባሕር ዳር። ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ኤግዛም ኤንድ ሂ ጌቭ ሚ ሜኒ አድቫይስስ።»

የአማርኛ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ «ትናንት የድሮ አስተማሪዬን አግኝቻቸዋለሁ። የት እንደምማር ጠየቁኝ። ባሕር ዳር እየተማርኩ ነው አልኳቸው። ስለ ፈተናው ተወያየን፤ ብዙ ምክሮች ሰጡኝ።» አማርኛው አንድም እንከን የለውም። እንግሊዝኛው ግን ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦ «የስተርዴይ አይ ሜት ማይ ኦልድ ቲቸር። ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ወዝ ስተዲይንግ። አይ ቶልድ ሂም አይ ወዝ ስተዲይንግ ኢን ባሕር ዳር። ዊ ዲስከስድ ዘ ኤግዛም፣ ኤንድ ሂ ጌቭ ሚ ኤ ሎት ኦቭ አድቫይስ።»

«አግኝቻቸዋለሁ» ከ«ትናንት» ጋር በአማርኛ ይስማማል፤ በእንግሊዝኛ «ሃቭ ሜት» ከ«የስተርዴይ» ጋር አይቆምም። «አልኳቸው» አንድ ቃል ነው፤ ተሳቢው ከግሡ ጋር ተጣብቋል፤ «ሰይድ ሂም» የመጣው ከዚያ ነው። «ስለ ፈተናው» ያለው «ስለ» ራሱን «አባውት» አድርጎ ገባ። «ምክሮች» በብዙ ቁጥር ስለሚነገር «አድቫይስስ» ተባለ። ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ሰው «ስተዲ» የሚለው ይቀናል፤ እኛ ግን ለሁሉም «ተማረ» ስለምንል «ለርን» ይቀድመናል። አራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይህን ያህል ስህተት ያለበት ሰው አልተማረም ማለት አይደለም። እየተረጎመ ነው ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከጻፋችሁ የራሳችሁ ዝርዝር ይወጣል። የአንዱ ችግር ግሥ፣ የሌላዋ መስተዋድድ ይሆናል። የግራመር መጽሐፉን የምትከፍቱት ያን ጊዜ ነው። እንደ ሬይመንድ መርፊ መጽሐፍ በአጫጭር ክፍል የተከፋፈለ ካገኛችሁ ጥሩ፤ ማውጫውን አይታችሁ የራሳችሁን ችግር የሚነካውን ክፍል ብቻ ሥሩ።

አማርኛው የሚስብባቸው ቦታዎች

ከግሥ ጋር የተጣበቀውን ተሳቢ አስቀድሙ፤ በጣም የተለመደው ስህተት እዚህ ነው። «አስረዳኝ» ስለምንል «ኤክስፕሌን ሚ» እንላለን፤ ትክክሉ «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ነው። «ሰይ» እና «ሰጀስት»ም እንደዚሁ ከሰው በፊት «ቱ» ይፈልጋሉ። «ቴል»፣ «አስክ»፣ «ሾው»፣ «ጊቭ» ደግሞ አይፈልጉም። በተቃራኒው አማርኛው መስተዋድድ የሚጨምርባቸው፣ እንግሊዝኛው ግን ባዶ የሚተዋቸው ግሦች አሉ፦ ስለ ነገሩ ተወያየ፣ ስለ ነገሩ አነሳ፣ ለጥያቄው መለሰ፣ ወደ ክፍል ገባ፣ ከእሷ ጋር ተጋባ። «ዲስከስ»፣ «ሜንሽን»፣ «አንሰር»፣ «ኤንተር»፣ «ሜሪ» ሁሉም ተሳቢያቸውን በቀጥታ ይይዛሉ። እነዚህን አምስት ግሦች በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለእያንዳንዳቸው ሁለት የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሥሩ። «አባውት»፣ «ቱ» ወይም «ዊዝ» ያለበት ምርጫ ሲመጣ እጃችሁ ቆም ይላል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የ«የ» ዓረፍተ ነገር ነው። «ያነበብኩት መጽሐፍ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ስለዚህ «ዘ ቡክ ዛት አይ ሬድ ኢት» ማለት ይቀናናል። በእንግሊዝኛ «ዛት» ቦታውን ስለያዘው «ኢት» ይወጣል፦ «ዘ ቡክ ዛት አይ ሬድ»። «ያገኘኋት ልጅ»ም እንዲሁ ነው፤ «ዘ ገርል ሁ አይ ሜት ኸር» አይባልም።

ሁለት ማያያዣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ሌላው ነው። «ምንም እንኳ ቢታመም፣ ነገር ግን መጣ» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ማንም አይነቅፈውም። በእንግሊዝኛ «ኦልዞ» ካለ «በት» አይኖርም፤ «ቢኮዝ» ካለ «ሶ» አይኖርም። ባዶ ቦታ በሚሞላ ጥያቄ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ «በት» ብትመርጡ ደስ የሚል ሲመስላችሁ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተመልሳችሁ «ኦልዞ» መኖሩን እዩ።

አሉታም ያምታታል። «ማንም አልመጣም»፣ «ምንም አላየሁም» ስንል አሉታው ግሡ ላይ መኖሩ ግድ ነው። እንግሊዝኛ አንድ አሉታ ይበቃዋል፦ «ኖባዲ ኬም»፣ ወይም «አይ ዲድ ኖት ሲ ኤኒሲንግ»። በምልልስ ጥያቄዎች ደግሞ መልሱ ይገለበጣል። «ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ለሚለን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን፤ የጠያቂውን ግምት ማጽደቃችን ነው። እንግሊዝኛው የሚያየው ድርጊቱን እንጂ የጠያቂውን ግምት ስላልሆነ «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ይላል።

የሰው ንግግር ስናስተላልፍ አማርኛ ንግግሩን እንዳለ ይተወዋል፦ «ነገ እመጣለሁ አለ»። ማን ነው የሚመጣው? እሱ። ይህ ቃል በቃል ሲወሰድ «ሂ ሰይድ አይ ዊል ከም ቱሞሮው» ይሆንና የሚመጣው ንግግሩን የሚያስተላልፈው ሰው ራሱ ይመስላል። በእንግሊዝኛ ሦስት ነገር ተከታትሎ ይቀየራል፤ ተውላጠ ስሙ፣ ጊዜው፣ የጊዜ አመልካቹ፦ «ሂ ሰይድ ሂ ዉድ ከም ዘ ኔክስት ዴይ»። በዚሁ ቅደም ተከተል ፈትሹ፤ አንዱን ቀይሮ ሁለቱን መርሳት የተለመደ ነው።

ጊዜን በተመለከተ ከጥቂት ነጥብ በላይ አትሂዱ። ያለቀ ጊዜ የሚጠቅስ ቃል ካለ፣ ማለትም «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2010»፣ ግሡ ተራ ኃላፊ ይሆናል፤ «ሃቭ» አይገባም። «እዚህ መኖር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው» የሚለው «ነው» ደግሞ ወደ «አይ አም ሊቪንግ ሂር» ይስባል፤ ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ነው። የጊዜ ርዝመት ከሆነ «ፎር»፣ መነሻው ከሆነ «ሲንስ»። በአማርኛ «ለሦስት ዓመት» እና «ከ2015 ጀምሮ» ብላችሁ ከለያችሁት አትስቱትም።

እዚህ ላይ አማርኛው የሚጠቅምበትን ደግሞ ላንሳ፤ ሁሌ ሲወቀስ መኖር የለበትም። ሦስተኛው የ«ኢፍ» ዓይነት ብዙ ሰው ይፈራዋል። «አጥንቼ ቢሆን ኖሮ አልፍ ነበር» በሉ። እዚህ «ኖሮ» ባለበት «ሃድ» ከነሦስተኛ የግሥ ቅርጹ ይገባል፤ «ነበር» ባለበት «ዉድ ሃቭ» ይገባል፦ «ኢፍ አይ ሃድ ስተዲድ፣ አይ ዉድ ሃቭ ፓስድ»። በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር «ኢፍ» አጠገብ «ዉድ» ያለበትን ምርጫ ካያችሁ ወዲያው ሰርዙት።

የባለቤትና የግሥ ስምምነትም ላይ አማርኛ ይረዳል። «ዘ ኳሊቲ ኦቭ ዘ ማንጎዝ» የሚለውን «ኢዝ» ይከተለዋል ወይስ «አር»? «ማንጎዝ» ከግሡ አጠገብ ስላለ «አር» ይመስላል። ወደ አማርኛ መልሱት፦ «የማንጎዎቹ ጥራት ጥሩ ነው»። በአማርኛ ገላጩ ከፊት ይመጣል፤ ዋናው ስም «ጥራት» ወደ ግሡ ይጠጋል። ጥራት አንድ ነው፤ መልሱ «ኢዝ» ነው። ዓረፍተ ነገሩ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ይህ መንገድ ይሠራል። «ዋን ኦቭ ማይ ፍሬንድ» የሚለውም ስህተት ከእኛ ቋንቋ አልመጣም፤ እኛ «ከጓደኞቼ አንዱ» ነው የምንለው፣ በብዙ ቁጥር። ስለዚህ «ፍሬንድስ»፤ ግሡ ግን «አንዱ»ን ተከትሎ ነጠላ ይሆናል።

ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ «ሁለት መጽሐፍ ገዛሁ»፣ «አምስት ልጅ አላት» ማለት ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ከአንድ ካለፈ «ኤስ» ይጠይቃል። በተቃራኒው «መረጃዎች»፣ «ዕቃዎች» የምንላቸው «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢኩዊፕመንት» በጭራሽ «ኤስ» አይወስዱም፤ «ሜኒ»ም አይቀድማቸውም።

አርቲክል ላይ ብዙ ወራት አታጥፉ። «ው» እና «ዋ»ን ስለለመድን «ዘ» ብዙም አያስቸግርም፤ የሚጠፋብን «ኤ» ነው፣ «መጽሐፍ ገዛሁ» ስለምንል። ሊቆጠር የሚችል ነጠላ ስም በእንግሊዝኛ ብቻውን አይቆምም፤ ወይ «ኤ» ወይ «ዘ» ወይ «ማይ» የመሰለ ነገር ከፊቱ ይፈልጋል። ይህን ብቻ ብትይዙ ከግማሽ በላይ ሄዳችኋል። «ኤ» ወይስ «አን» ለሚለው ደግሞ የራሳችን ፊደል መልስ ይሰጣል። ቃሉን እንደሚሰማው በፊደላችን ጻፉት። በ«አ» ቤት ከጀመረ «አን» ነው፦ አወር፣ ኦነስት ማን፣ ኤምቢኤ። በሌላ ፊደል ከጀመረ «ኤ» ነው፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒፎርም፣ ዋን ዌይ ሮድ። በላቲን «ኤች» ወይም «ዩ» መጻፉ አያሳስታችሁም።

ትንሽ የቀረች ነገር፦ «ይበርዳል»፣ «ዘነበ» ብለን እንጨርሳለን፤ ባለቤቱ ግሡ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ «ኢዝ ኮልድ» ብሎ አይጀምርም፤ «ኢት» ግድ ነው።

ቃላት፦ ከየትኛው ይጀመር?

በቀን 50 ቃል ከነአማርኛ ፍቺው የሚሸመድዱ ተማሪዎችን ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ሳምንት «ኤ» ፊደል ላይ ያሉትን ብቻ ያስታውሳሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በፈተና ላይ የማይገኙ ናቸው። ምርጫው መቅደም አለበት። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝርዝር 2,000 ያህል መሠረታዊ ቃላት ይዟል። አቬሪል ኮክስሄድ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች ውስጥ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለየች፤ ከአካዳሚያዊ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። «አናላይዝ»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «አሱም»፣ «ኢንዲኬት» እዚህ ውስጥ ናቸው። የባዮሎጂውም የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ የሚጻፈው በእነዚህ ነው። ለማትሪክም ለመውጫ ፈተናም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ መሠረታዊዎቹ፣ ቀጥሎ 570ዎቹ። ሁለቱም ዝርዝሮች በነፃ ይገኛሉ። ብርቅ ብርቅ ቃላት ለማስደነቅ ካልሆነ ይቆዩ።

የት እንዳላችሁ ለማወቅ ከ12ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ አንድ ገጽ ውሰዱና የማታውቁትን ቃል አስምሩ። እንደ ፖል ኔሽን ያሉ የቃላት ትምህርት ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በደንብ ለመረዳት 98 በመቶውን ቃል ማወቅ ያስፈልጋል ይላሉ። ከ100 ቃል አምስት ስድስቱን ካሰመራችሁ ጉድለታችሁ የንባብ ስልት ሳይሆን የቃል ነው፤ ፓሴጅ እየደጋገሙ መሥራት ብቻውን አይፈታውም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ቃል እንዴት እንደምትመዘግቡ። ካርቶን ቁረጡ፤ የብስኩት ካርቶንም ይሆናል። «ሪሉክታንት» የሚለውን ቃል እንመዝግብ። በፊት ለፊቱ ቃሉ ብቻ ይጻፍ። በጀርባው፦ «የሚያመነታ፣ ልቡ ያልፈቀደ»፤ ቅጽል መሆኑ፤ ቤተሰቡ «ሪሉክታንትሊ» እና «ሪሉክታንስ»፤ አጋሩ «ሪሉክታንት ቱ» እና ከኋላው ግሥ፤ ተቃራኒው «ዊሊንግ»። ከሥር የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር፦ «ማይ ብራዘር ወዝ ሪሉክታንት ቱ ሌንድ ሚ ሂዝ ፎን»። ወንድማችሁን የምታውቁት ስለሆነ ቃሉ ይቀራል። ከመዝገበ ቃላት የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ግን በማግስቱ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ካርድ በቀን አሥር ከሠራችሁ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚል ሰው ጀርባውን አይሞላም።

የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ለምሳሌ የአምሳሉ አክሊሉ፣ ፍቺውን ለመያዝ ይጠቅማል። ለአጋሩና ለሰዋስው ጠባዩ ግን ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል፤ ሆርንቢ የጀመረው የኦክስፎርዱ «አድቫንስድ ለርነርስ» ዛሬም የሚመረጥ ነው። ስሙ የሚቆጠር ወይስ የማይቆጠር፣ ግሡ ተሳቢ የሚፈልግ ወይስ የማይፈልግ መሆኑን ከቃሉ አጠገብ ያመለክታል። ብዙ ሰው ያቺን ምልክት አይቶ ያልፋታል።

የቃል ቤተሰብ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስባሪ፤ «ስ-ብ-ር»ን ያወቀ ሁሉንም ያውቃቸዋል። የእንግሊዝኛ የትምህርት ቃላት ደግሞ ብዙዎቹ ከላቲን ሥር የወጡ ናቸው። «ስፔክት» ማየት ነው፦ ኢንስፔክት፣ ስፔክቴተር፣ ፕሮስፔክት። «ፖርት» መሸከም ነው፦ ኢምፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ትራንስፖርት፣ ፖርተብል። «ዲክት» መናገር ነው፦ ፕሪዲክት፣ ኮንትራዲክት፣ ዲክቴት። ሃያ ያህል ሥሮች፣ ሃያ ያህል ባዕድ መነሻና መድረሻ ያለው ሰው አዲስ ቃል ሲገጥመው ይገምታል። አሉታዊው «ኢን» በ«ኤል» ፊት «ኢል»፣ በ«አር» ፊት «ኢር»፣ በ«ፒ» እና በ«ኤም» ፊት «ኢም» እንደሚሆን እወቁ፤ ኢሊጋል፣ ኢሬጉላር፣ ኢምፖሲብል። ግምት ግን ወጥመድም አለው። «ኢንቫሉአብል» ዋጋ የሌለው ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት ነው። «ኢንፍላመብል»ም «ፍላመብል»ም በእሳት የሚያያዝ ማለት ናቸው። «ሃርድሊ» ደግሞ «በትጋት» መስሎ ስንቱን ጥሏል፤ «ሂ ስተዲድ ሃርድ» ማለት በትጋት አጠና ነው፣ «ሂ ሃርድሊ ስተዲድ» ግን ምንም ያህል አላጠናም።

ከፍቺ በላይ የሚፈተነው አጋር ነው። እኛ ስህተትም የቤት ሥራም «እንሠራለን»፤ እንግሊዝኛው «ሜክ ኤ ሚስቴክ» እና «ዱ ሆምወርክ» ብሎ ይለያቸዋል። «ኃይለኛ ዝናብ» «ስትሮንግ ሬን» አይባልም፤ «ሄቪ ሬን» ነው። «ቦሮው» እና «ሌንድ» የሚምታታባችሁ «ተበደረ» እና «አበደረ» በሏቸው፤ መቀበሉ በ«ተ»፣ መስጠቱ በ«አ»። ስለዚህ ካርዱ ጀርባ ላይ የአጋሩ ቦታ ባዶ አይቅር።

መደጋገም ላይ ሳይንሱ የቆየ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና የመርሳትን ፍጥነት ለካ፤ የምንረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት፣ ከዚያ ቀስ እያለ ነው። ሰባስቲያን ላይትነር በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የካርድ ሣጥን ዘዴ ይህን ይጠቀማል። ሦስት ፖስታ ይኑራችሁ፦ የየቀኑ፣ የሦስት ቀኑ፣ የሳምንቱ። ያወቃችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ይለፍ፤ የሳታችሁት የቱም ፖስታ ውስጥ ቢሆን ወደ የየቀኑ ይመለስ። ስልክ የሚመርጥ ሰው «አንኪ» የሚባለው ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራለታል፤ በአንድሮይድ ነፃ ነው። ሰው የሠራውን ዝግጁ ካርድ ግን አታውርዱ፤ ያን የወንድማችሁን ስልክ የሚተካ ዓረፍተ ነገር አያገኝላችሁም።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች

ወርክሺት ከወርክሺት ሳትለዩ ከመሥራት ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ካረማችሁ በኋላ የሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ ለዩ፦ አላውቀውም ነበር፣ ተቻኩዬ ነው፣ ወይስ አማርኛው ስቦኝ ነው? የመጀመሪያው ወደ ካርድ ይሂድ፣ ሦስተኛው ወደ ደብተሩ። ሁለተኛው የሰዓት አጠቃቀም ችግር ነው፤ ግራመር በማንበብ አይድንም። ያገኛችሁትንም ቢሆን ሦስቱ ምርጫዎች ለምን እንደወደቁ በቃላችሁ ማስረዳት መቻል አለባችሁ፤ ካልቻላችሁ በዕድል ነው ያገኛችሁት። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የመልስ ቁልፎችን በጭፍን አትመኑ፤ የተሳሳተ መልስ የያዙ ብዙ ናቸው። መልሱ ካልተዋጠላችሁ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ።

ውጭ ለመማር አይኤልትስ የምትፈተኑ ደግሞ ምርጫ ማጥቆር አይበቃችሁም። የጽሑፉ ክፍል በአራት እኩል መስፈርቶች ይታረማል፤ ሰዋስው አንዱ፣ የቃላት ሀብት ሌላው፤ ሁለቱ ተደምረው ግማሹን ይይዛሉ። ሁለተኛው ጽሑፍ ቢያንስ 250 ቃል ነው። የአሥር መስመሩን ልምምድ ቀስ በቀስ ወደዚያ አሳድጉት፤ 40 ደቂቃ ያዙለት።

ፈተናው ክፍል ውስጥ ሰዋስውና ቃላት አጫጭር ስለሆኑ በነሱ ጀምሩ፤ ፓሴጁን ሳትደክሙ ታገኙታላችሁ። ፓሴጅ ላይ ጥያቄዎቹ ላይ አንድ ጊዜ ዓይን ጣል አድርጋችሁ ወደ ጽሑፉ ሂዱ። የቃል ፍቺ ሲጠየቅ የምታውቁትን ፍቺ ከመምረጣችሁ በፊት የተጠቀሰው መስመር ላይ ተመልሳችሁ ምርጫውን በቃሉ ቦታ አስገብታችሁ አንብቡ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ፍቺ ሊኖረው ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወረቀት ሌላ በኮምፒውተርም ስለሚሰጥ በኦንላይን የምትፈተኑ ከሆነ ረጅም ጽሑፍ ከስክሪን ላይ ማንበብን አስቀድማችሁ ተለማመዱ፤ እንደ ወረቀቱ ማስመር አይቻልም፤ ዓይን ይደክማል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀንስ እንደሆነ ከመመሪያው ላይ አንብቡ፤ የማይቀንስ ከሆነ አንድም ጥያቄ ባዶ እንዳትተዉ።